ለአንዲት ኩላሊት በረዶ የጠበቁት ሐኪም

ዶክተር ሰይፉ ማረፋቸውን የሰማሁት የአንድ አይሱዙ ጎማ እየነፋሁ ሳለ ነው። ሹፌሩ ከጎበሳ ጭነት ይዞ ሲመጣ ሰምቶ ኖሮ፣ ከመኪናው እንደ ወረደ ኮፍያውን አወለቀ። «ጋሼ ከድር፣ ያ ኩላሊትዎን ያተረፉልዎት ሐኪም አረፉ። ልባቸው ነው አሉ፤ በተኙበት» አለኝ። የአየሩን ቱቦ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ጎማው ያብጣል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ሮጦ ባይዘጋው ኖሮ አሰላ የዚያን ቀን ሁለት ለቅሶ ትቀመጥ ነበር።

ቀብራቸው በተወለዱበት በጎበሳ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ተፈጸመ። ጭጋጉ ከመሬት እስከ ወገባችን ስለነበር ሰዉ ሁሉ እግር ያለው አይመስልም፤ ነጠላና ጋቢ ብቻ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ካህናቱ በውስጥ ጸሎተ ፍትሐቱን ሲያደርሱ፣ እኛ ሙስሊሞቹ ከቅጥሩ ውጭ ጥዱ ሥር ቆመን በየልባችን ዱዓ አደረግን። ከአጠገቤ የቆሙ አንዲት ከጮሌ የመጡ እናት ወገባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «የኔንም የሠሩት እሳቸው ናቸው» አሉኝ። እኔም ወገቤን ያዝኩ። ከሩቅ ላየን ሰው ሁለት አሮጌዎች በለቅሶ መሃል እስክስታ ልንወርድ የተዘጋጀን ሳንመስለው አልቀረንም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰናይት «ለአርባቸው የሚነበበውን እርስዎ ይጻፉልኝ» ሲሉኝ ሌላ ሰው የጠሩ መሰለኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጎሚስታ ነኝ። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር በሱቄ ግድግዳ ላይ ያለው «ጎማ እንጠግናለን፣ እንነፋለን» የሚለው ነው፤ እሱንም ልጄ አርሞልኛል። ወይዘሮ ሰናይት ግን «ሥራቸውን በሥጋዎ ይዘው የሚዞሩት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ከልጄ እስክሪብቶ ተበደርኩ።

እናንተ እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ፣ እንግዲህ ታገሡኝ። ካቀላቀልኩም አትፍረዱብኝ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ወዲህ የሆነውን ካለምኩት ለመለየት እቸገራለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ «ድሮስ መቼ ትለይ ነበር?» ትላለች።

የግራ ኩላሊቴ ከብዙ ዓመት በፊት በጠጠር ምክንያት ሞታ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም። ወገቤን ባመመኝ ቁጥር የሕመም ማስታገሻ መርፌ እየተወጋሁ፣ «ጎማ ማንሳት ነው» እያልኩ ስኖር አንድ ቀን ሽንቴ ደም ሆነ። ሲመረመር የቀኟ፣ ማለትም ብቸኛዋ ኩላሊቴ፣ ቡጢ የሚያህል ዕጢ አብቅላለች። ካንሰር ነበር። እሱም ባለበት አልተቀመጠም፤ ከኩላሊቷ በሚወጣው ደም ሥር ውስጥ ምላሱን ሰድዷል።

ሐኪሞቹ ካንሰሩ ካልወጣ እንደምሞት ተስማሙ። የተለያዩት በኩላሊቷ ነው። አንደኛው፣ ጨዋና አዋቂ ሰው ናቸው፣ «ሙሉዋን ማውጣት ነው የሚያስተማምነው። ከዚያ በኋላ ደማቸው በማሽን ይታጠባል» አሉ። ለእጥበት ተራ የሚገኝልኝ አዳማ ነበር። እንግዲህ ቀሪ ዕድሜዬ ቁልቁል አዳማ፣ ሽቅብ አሰላ፣ ደግሞ ቁልቁል አዳማ ሊሆን ነው። ስንዴው ሲያሸት፣ ሲታጨድ፣ እንደገና ሲዘራ በኢተያ መንገድ በመስኮት እያየሁ አልፌ አልፌ፣ አንድ ቀን ሳላየው ላልፍ።

ዶክተር ሰይፉ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የሰጡኝ ውሃ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ጆግና ብርጭቆ አይጠፋም፤ ሰው ሳይጠጣ አያናግሩም። «ከኩላሊት ጋር የሚነጋገሩት በውሃ ነው» ይሉ ነበር። ጠጣሁ። ከዚያ የተነሣሁትን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅለው አዩት፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ የሚያዩ ገበሬ መሰሉ።

«ጋሼ ከድር፣ አልዋሽዎትም» አሉኝ። «ዕጢውን ጠርጌ ካላወጣሁ ምንም አልሠራሁም። እሱን ሳወጣ ግን ከኩላሊቷ የሚበቃዎትን ያህል ላተርፍልዎ እሞክራለሁ። ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ገብቼ ሳየው ካንሰሩ ካልፈቀደልኝ ሙሉዋን አወጣታለሁ። ያኔ እንዳይቀየሙኝ።»

ስፈራ አፌ ይቀድመኛል። «ስምዎ ሰይፉ፣ የሚቆርጡት በጥቂቱ። ምን ዓይነት ሰይፍ ነው ይሄ?» አልኳቸው።

«ደነዝ» አሉ፣ ሳይስቁ።

«እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ዶክተር። እንዲህ የሆነ የጎማ ካላማደሪያ ሲመጣልን ደንበኛውን ‹ይቀየር› ነው የምንለው።»

«መቀየሪያ ካለ እኔም እላለሁ። ሱቅዎ ውስጥ መለዋወጫ ኩላሊት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እንለጥፋለን።»

ከዚያ አስረዱኝ። ዕጢው ሲቆረጥ ደም እንዳይፈስ ወደ ኩላሊቷ የሚገባውን ደም ሥር ለጊዜው በመቆንጠጫ ይይዙታል። በዚያ ጊዜ ኩላሊቷ የምትቀለበው የለም፤ ከቆየች ትሞታለች። ስለዚህ ከንጹሕ የጨው ውሃ የተሠራ፣ እንደ ገንፎ የላላ በረዶ ዙሪያዋን ይከምሩባታል። «ደም የተከለከለች ኩላሊት በሙቀቷ ከቆየች ትራባለች፤ ከቀዘቀዘች ግን ትተኛለች። የተኛ ቶሎ አይራብም» አሉኝ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ያን የማስታገሻ መርፌም ከለከሉኝ፤ ለካስ ኩላሊት ይጎዳል። ዘይነባ ከዘመድ ያስመጣችውን ቅጠል ከቦርሳዋ ስታወጣ ደግሞ በሁለት እጃቸው ተቀበሏትና መልሰው ሰጧት። «የእርስዎ ፍቅር ይቆይላቸው፤ ቅጠሉ ይቅርባቸው» አሏት። ዘይነባ ቅጠሉን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ቀጠሮው ነሐሴ ላይ ዋለ። በዋዜማው ያ የምታውቁት የአሰላ ነጎድጓድ ወርዶ ከተማውን አጨለመው። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ለቀዶ ሕክምናው ክፍል ይበቃል እንጂ ለበረዶ መሥሪያው አልተረፈም። ጠዋት ሲታይ የተዘጋጀው በረዶ ሁሉ ውሃ ሆኗል።

እኔ ጾሜን አድሬ፣ ያን ጀርባው ክፍት የሆነ ቀሚስ ለብሼ ተኝቻለሁ። ከኋላ ላየኝ ሰው የተላጠ ድንች ነበርኩ። ዶክተር ሰይፉ መጡና «ዛሬ አንሠራም» አሉ። ያ ጨዋ ሐኪም አብረዋቸው ነበሩ። «ደም እያጡ ነው፤ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሙሉዋን ለማውጣት ደግሞ በረዶ አያስፈልገንም» አሉ።

«እውነትዎን ነው» አሉ ዶክተር ሰይፉ። «እስከ ነገ ጠዋት ስጡኝ። ነገም በረዶ ካላገኘሁ እንዳሉት ይሁን። በሙቀቷ ግን ቆንጥጬ አልይዛትም።»

የዘይነባ ወንድም ሁሴን፣ ጭላሎ ግርጌ ገብስ የሚያርስ ሰው፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። የሰማው ግማሹን ነው፦ ሐኪሙ በረዶ አጥተዋል። ዱላውን አነሣ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው እህቱ።

«ዓመት በመጣ ቁጥር ገብሳችንን የሚያጭደው በረዶ ሌሊቱን ተራራው ላይ ጥሎ አድሯል። ዛሬ እንኳ ለሰው ይጥቀም» ብሎ ወጣ።

ከቀትር በኋላ ከመስኮቱ ውጭ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። የሆነውን ካለምኩት መለየት ያቃተኝ ከዚህ ጀምሮ ነው። አርሲ በፈረስ ሙሽራ ሲያመጣ አይቻለሁ፤ ሽማግሌ ሲልክ አይቻለሁ። እነዚህ ፈረሶች ግን ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ ላባቸው እየተነነ፣ ጀርባቸው ላይ በጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ ተጭኖ፣ ከጆንያውም ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ነበር። ሁሴንና ጎረቤቶቹ ጋቢያቸው ርሶ ከፊት ይስባሉ። የጥበቃው ሰው በሩ ላይ አስቆማቸው።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«በረዶ» አለ ሁሴን።

«ለማን?»

«ለከድር ኩላሊት።»

ጥበቃው ምን ይበል? በረዶ የጫነ ፈረስ አይግባ የሚል ሕግ የለም። አሳለፋቸው።

ግቢው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሲስተር መሠረት፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ነርስ፣ ጆንያውን ገልጣ አየችና «እናንተ! ከነጭዱ ሆዳቸው ውስጥ ልንጨምረው ነው?» አለች። እውነትም ጭድ አለበት፣ የፈረስ ፀጉር አለበት፣ የተራራው የአስታ ቁጥቋጦ ቅጠል አለበት። እኔ በመስኮት እያየሁ አልጋው ሥር ብገባ ወደድኩ። በአሰላ የሚወራልኝ ታየኝ፦ ከድር ኩላሊቱን እንደ ቢራ ሊያስቀዘቅዝ ተራራ አስጫነ።

ዶክተር ሰይፉ ወጡ። አልሳቁም። ተንበርክከው ከጆንያው አንድ እፍኝ አነሡና መዳፋቸው ላይ ሲቀልጥ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ገበሬዎቹን «ገለቶማ» አሏቸው፤ በኦሮምኛ ምስጋናም ምርቃትም ነው። ለሁሴንም ነገሩን ሳይደብቁ ነገሩት። «ይሄ ኩላሊቷን አይነካም። ንጹሕ አይደለም፤ ይገድላቸዋል። ግን ሥራ አለኝ ለሱ። ጨው አላችሁ?»

ጨው ለጭላሎ ሰው ይጠየቃል? ሁሴን ለከብቶቹ የገዛው ፈረሱ ላይ ነበር።

በርሜል አስመጡ። የተራራውን በረዶ ከጨው ጋር እየደባለቁ ሞሉት፤ በመካከሉ ንጹሑ የጨው ውሃ ያለባቸውን ከረጢቶች፣ እንደታሸጉ፣ በፕላስቲክ ላይ ፕላስቲክ ጠቅልለው ቀበሯቸው። ጨው የገባበት በረዶ ብርዱ ይብሳልና ከረጢቶቹን ከውጭ አቀፋቸው። ሐኪሙ ነጭ ካባቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከሁሴን ጋር ትከሻ ለትከሻ ያገላብጣሉ። የሁለቱም እጅ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ያውጡ እጅዎን፣ ዶክተር። ለነገ ያስፈልገናል» አለ ሁሴን።

«የእርስዎም ለአጨዳ ያስፈልጋል። አብረን እናውጣ።»

አንዱም አላወጣም።

በማግስቱ ጠዋት ከረጢቶቹ ሲዳሰሱ፣ ሲስተር መሠረት እንደነገረችኝ፣ ውስጣቸው በረዶ ሆኖ እንደ ተቦካ ሊጥ እሺ ብሎ ይታጠፋል። ዶክተር ሰይፉ አንዷን ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው «ያዘ» አሉ። እኔን ወሰዱኝ። የማደንዘዣው ባለሙያ «ጥሩ ነገር ያስቡ» አለኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከተማው ሁሉ ነጭ ነበር። የሱቄ ጎማዎች በነጩ መንገድ ላይ ያለ ድምፅ ቁልቁል ይንከባለላሉ፤ ማንም አያባርራቸውም። ካላማደሪያዎች በገንዳዬ ውሃ ላይ እንደ ዳክዬ ይንሳፈፋሉ። አንዲት ትንሽ ነገር፣ ፊት የሌላት፣ ግን ዘመዴ እንደሆነች የማውቃት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ሰዎች በዙሪያዋ ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ። «ቀስ በሉ» ይላል አንድ ድምፅ፤ «ቀስ»። እኔ ልጠጋ ስል እግሬ አይታዘዝም። አልከፋኝም። ቆሜ ስትተነፍስ ማየት በቂ ነበር።

በውጭ የሆነውን ሲስተር መሠረት ናት የነገረችኝ። ደም ሥሩ ተቆነጠጠ። ኩላሊቷን በበረዶው ከበቧት። ከዚያ ዶክተር ሰይፉ ቢላቸውን ይዘው ምንም ሳይሠሩ ቆሙ። እሷ ሰዓቱን እያየች ደቂቃውን ትጠራለች፤ እሳቸው ይጠብቃሉ። «ለምን አይጀምሩም?» ስትላቸው፣ «ገና እንቅልፍ አልወሰዳትም» አሉ። እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው ነው ቢላ ያሳረፉት። ያን በደም ሥሩ የገባውን ምላስ ሳይበጠስ ሳቡት። ዕጢውን ከጤነኛው ሥጋ ጥቂት ጨምረው ዙሪያውን ቆረጡት። ሰፉት። መቆንጠጫው ሲለቀቅ በአንድ ወገን ደም ፈነጠቀ፤ ደግመው ሰፉ። ከዚያ ያቺ አመድ የመሰለች ነገር ከጠርዟ ጀምሮ ቀስ እያለች ቀላች።

«አረፋ ይወጣ እንደሆነ ውሃ ውስጥ ነክረው አላዩም?» አልኳት። መላጣዬን መታ አደረገችኝ።

ከኩላሊቷ የቀረልኝ ግማሽ ያህሉ ነው። እሷም ስትነቃ ሥራ እንቢ አለች። የሽንቱ ከረጢት በአልጋዬ ጎን ባዶውን ተንጠልጥሏል። ዶክተር ሰይፉ ሲመጡ ከኔ በፊት ከረጢቱን ነው ጎንበስ ብለው የሚሳለሙት፤ እኔማ ቅናት ይዞኝ ነበር። ቀን መሸ፣ ደግሞ ነጋ። ያ ጨዋ ሐኪም በቀስታ «አዳማ ልደውል?» ሲሉ ሰማሁ። ዘይነባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይደውሉ፤ ተራ ይያዝላቸው» አሉ ዶክተር ሰይፉ። «እኔ ግን እዚህ ልቀመጥ።» ወንበር ስበው ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። ሌላ በሽተኛ ሲጠራቸው ሄደው ይመለሳሉ። አልዋሹኝም፣ ተስፋም አልነሱኝም። «በብርድ የተኛ ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የት እንዳለ አያውቅም። ጊዜ እንስጣት» አሉኝ። ያኔ ነው መፍራታቸውን ያየሁት። ከረጢቱን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ደግሞ ከረጢቱን።

ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በቱቦው ውስጥ አንዲት ወርቅማ ጠብታ ስትወርድ ዘይነባ አየች። ተከታይዋ መጣች። ሌላም። ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው። የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ተቀብሎ እልል አለ። ዶክተር ሰይፉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ለሽንት እልል ሲባል የዛሬው መጀመሪያዬ ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን አልቀለደም። ያ ጨዋ ሐኪምም አዳማ ደውለው ተራዬን ለሌላ ሰው አስለቀቁ፤ ተመልሰውም እጄን ጨበጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ካንሰሩ አልተመለሰም፣ አልሐምዱሊላህ። ረመዳን ሲመጣ እጾማለሁ ብዬ ሄድኩ። ጆጉን ከጠረጴዛቸው ላይ አነሡት፤ በኔ ፊት ሊጠጡ አልወደዱም። «ስለ ጾሙ ሸኹን ይጠይቁ፤ ስለ ኩላሊቷ እኔን» አሉኝ። ሸኹም «ሐኪሙን ስማ» አሉኝ። ሁለት አዋቂ ተባብሮብኝ የት አባቴ ልግባ?

በአሮጌ መኪናቸው ወደ ጎበሳ ሲያልፉ ሱቄ ይቆማሉ። ጎማቸው እንደ ራሴ የተላጠ ነበር። «የሰው ኩላሊት የሚያተርፍ ሰው በዚህ ጎማ ይሄዳል?» እላቸዋለሁ። «ጎሚስታዬ ሁሌ ኩላሊቱን ሲያሳየኝ ጎማዬን ማን ይይልኝ?» ይላሉ። መጨረሻ ያየኋቸው ጊዜ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ፊታቸው ገርጥቶ፣ ትንፋሻቸው ያጥር ነበር። «የእርስዎን ልብ ማን ያየዋል፣ ዶክተር?» አልኳቸው። «ልብ የሌላ ክፍል ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም ይሆናል፤ ግን እሳቸው ሲስቁ ዝም ማለት የሚችል ማን ነበር?

ዶክተር ሰይፉ፣ እንግዲህ ወደ እርስዎ ልዙር፤ ሰዉ ይስማን።

በሚመጣው ወር የምርመራ ቀጠሮ ነበረን። ወይዘሮ ሰናይትን «እንግዲህ ይቅርብኝ፤ ከሳቸው በቀር ማን አባቱ ያየኛል?» ብያቸው ነበር። ተቆጡኝ። ቢሰሙ እርስዎም ይቆጡኝ ነበር። ስለዚህ እሄዳለሁ። የሚያዩኝ ያ ጨዋ ሐኪም ናቸው። ሲደውሉልኝ «አብረን እንጠብቃት» አሉኝ፤ ድምፃቸው የለቀስተኛ ድምፅ ነበር።

እርስዎ ያተረፉልኝ ግማሿ እስካሁን ትሠራለች። ይህን ስጽፍም እየሠራች ነው፤ እርስዎ ማረፍዎን ገና አልሰማችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ቀን ሲሆን፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እስከዚያው እርስዎ በሰላም ይተኙ፣ ዶክተር። አፈሩ ይቅለልዎት፤ ጌታ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እስከ ዛሬ የጠበቋት እርስዎ ነበሩ። ከዛሬ ጀምሮ ተራው የኔ ነው።